ቅቤ የጠጣው ትራምፔት

አካም ቡልተን አዴ ሙሉካ? ነጋዳ? ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ሁሉ ሰላም? አልሐምዱሊላህ፣ እኛም ደኅና ነን። ኧረ ይጠጉ፣ እዚሁ እኔ ጋ ይቀመጡ። ዴስኩ ለስድስተኛ ክፍል ልጅ ነው የተሠራው፣ ጉልበት ማስገቢያ የለውም፤ ግን ጎን ለጎን ከሆንን እንሞቃለን። ምን ዓይነት ብርድ ነው ዛሬ? ሳነቴ ተራራ ላይ በረዶ ጥሎ መሆን አለበት። ነፋሱ በዚያ በተሰበረው መስኮት እየገባ ጆሮዬን ሊቆርጠው ነው። የደላው ይኼ አብዲ ብቻ ነው፤ ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ ያንኮራፋል።

ስንዴውስ? ኮምባይነር ደረሰላችሁ? እሰይ። ዝናቡ ሳይቀድማችሁ እንኳን ገባ።

ስብሰባው በሦስት ሰዓት ነው ተብሎ አልነበር? ርእሰ መምህሩ ገና አልመጡም። የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢያችን ግን ይኸው ቀድመው መጥተው፣ ፊተኛው ዴስክ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀምጠዋል። እንዴት ያለ ጀርባ ነው፣ ማሻ አላህ! ቀጥ ያለ። እኔ ገና በዚህ ዕድሜዬ ወገቤን እያልኩ አድራለሁ። ሥልጣን ለወገብ ሳይበጅ አይቀርም...

እኔማ ምን እሆናለሁ ብለው ነው? ያው የልጄን የኢብቲሳምን ነገር ሰምተዋል። ከማርሽ ባንዱ እንደወጣች ትቅር ወይስ ትመለስ፣ ዛሬ እዚህ ክፍል ውስጥ ነው የሚወሰነው። ልጅቷ ውጪ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ቁርስ ብላት እንቢ አለች። ምነው ጎነተሉኝ? ስለ ማንም ክፉ አላወራሁም እኮ! እኔ ዝምተኛ ነኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ "አፍ የላትም" እያለ ነው የሚያዝንልኝ። ከዘጠነኛ ክፍል ለትዳር የወጣች ሴት ምን አፍ ይኖራታል? ዝም ብሎ ማየት ብቻ ነው የማውቀው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እውነት ነው፣ አይነቅዝም... ብቻ ይቦካል።

ስለዚህ ይልቅ ስለ ሌላ ሰው እናውራ። ርእሰ መምህሩ እስኪመጡ ስለ አንዲት እናት ላጫውትዎት። አያውቋትም። እዚሁ ሮቤ ነው የምትኖረው፤ ሮቤ ደግሞ ሰፊ ናት አይደል?

እንዴት ያለች እናት መሰለችዎት! እንደ እሷ ለልጇ የምትሟገት ሴት እኔ አላየሁም። ይኼ መምህር ሰሎሞን ከጎባ ተመድቦ መጥቶ "ባንድ አቋቁማለሁ" ያለ ጊዜ፣ የድሮ ተማሪዎች ከላኩት ዕቃ ውስጥ ከበሮ ሞልቷል፤ ትራምፔት ግን ሁለት ብቻ ነበር። ሰውዬው የዋህ ነውና ምን አለ መሰለዎት? "መጀመሪያ ማን መንፋት እንደሚችል እንይ።" አይ የዘንድሮ መምህር! እናት እያለች ልጅ ይፈተናል? ትራምፔቱን ሳይሆን የአፍ መንፊያዋን ብቻ፣ እቺን አውራ ጣት የምታህለውን ብረት፣ እየነቀለ በተራ ቤት ወስደው እንዲለማመዱባት ለልጆቹ ሰጠ። የኔዋም ይዛ መጣች። አይ መከራዬ! ጠዋት ዝዝዝ፣ ማታ ዝዝዝ፤ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ ነው የሚመስለው። ዶሮዎቼ እንቁላል መጣል ተዉ። ትራምፔቱን ራሱን ይዛ የመጣች ቀን ደግሞ እትዬ ሙሉአለም የእድር ጥሩምባ መስሏቸው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው "ማን ሞተ?" እያሉ ደጃፌ ደረሱ። "ማንም አልሞተም እትዬ፣ ልጄ ናት" ብላቸው "እሱማ ከሞት ይብሳል" ብለው ተመለሱ።

ኋላ ግን... እኔ ሙዚቃ አላውቅም። ብቻ አንድ ቀን ልብስ ሳጥብ ረዘም አድርጋ ነፋችውና እጄ ውሃው ውስጥ ቆመ። ከዚያች ቀጭን ደረት ያ ሁሉ ትንፋሽ ከየት እንደመጣ እንጃ። እትዬ ሙሉአለምም በአጥሩ በኩል "ድገሚውማ" አሉ። በሆዴ "ይህቺ ልጅ እንኳ አንድ የጀመረችውን ነገር ትጨርስ" አልኩ። ሌላ ምንም አልተመኘሁም።

ስለ እናትየዋ አይደል የጀመርኩት? ልጇን ቢያዩት! ቁመናው፣ ጥርሱ፣ ሰው አክብሮ ሰላም ማለቱ... በልጁ ላይ ወላሂ ምንም የለኝም። መንፋት ብቻ ነው የማይሆንለት። እሱስ ምን ነውር አለው? እኔስ እችላለሁ? ራሱ "ከበሮ ስጡኝ" ብሎ መምህሩን ለምኖ ነበር። ከበሮ ሲመታ ደግሞ ትከሻው ሁሉ ይስቃል። እናቱ ግን አርቃ አሳቢ ናት፤ "ከበሮ መቺ ከኋላ ነው የሚቆም፣ ፎቶ ላይ አይወጣም" አለች። እንዲህ ነው እንጂ! ልጇ ምን እንደሚወድ ማንም እናት ታውቃለች። ፎቶ በየት በኩል እንደሚነሣ የምታውቅ ስንት አለች?

እናም ተስማሙ። ማን ከማን ጋር እንደተስማማ አላውቅም። መምህር ሰሎሞን የሚኖርባት ክፍል በማን ግቢ ውስጥ እንደሆነችም እኔ አልናገርም። ብቻ ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብር የለ? ትራምፔት ቢይዝ ምኑ ይገርማል? ሱልጣን ልብስ ሰፊው የሌሎቹን ልጆች ኮት በግምት ሰፋ፤ የዚህን ልጅ ግን ቤቱ ድረስ ሄዶ ለካ። ቀይ ኮት፣ ቢጫ ቁልፍ፣ ትከሻው ላይ ዘርፍ። ልጁ ከፊት ቆሞ ትራምፔቱን ከንፈሩ ላይ ያደርግና ጉንጩን ይነፋል። የኔዋ ከትልቁ ከበሮ ጀርባ ቆማ ትነፋለች። ጉንጩ ከፊት፣ ድምፁ ከኋላ። ሰው አይቶ ምን ያውቃል? "ይኼ ነገር ምንድን ነው መምህር?" ብዬ ብጠይቀው "አሰላለፍ ነው" አለኝ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም። እኔም ዝም አልኩ። ልጄ ትንፋ እንጂ ከበሮ ጀርባ ሆነች ተራራ ጀርባ፣ ምን ቸገረኝ?

ከዚያ የጎባው ቀን መጣ። የትምህርት ቤቶች በዓል የተባለው፤ እርስዎ አጋርፋ ለቅሶ ሄደው አልነበሩም። ሁሉም ትምህርት ቤት በጎባ ሜዳ ሊሰለፍ፣ የገሰራ ፈረሰኞች ሊጋልቡ፣ የእኛ ባንድ ትራምፔት ነፍቶ ሰልፉን ሊያስጀምር ነው። እያንዳንዱ ልጅ ዕቃውን ይዞ ቤቱ አደረ። ያቺ እናት ጎህ ሲቀድ ተነሥታ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው?

ትራምፔቱን መረቀችው!

አይሳቁ እንጂ። እኛስ ሙሽራ ስትወጣ፣ ልጅ ሲወለድ፣ አናት ላይ ቅቤ፣ ዳዳ እንቀባ የለ? እሷም ከገሰራ ገበያ የመጣ ለጋ ቅቤ አቅልጣ የትራምፔቱን ራስ ቀባችው። በዚያ ብትተወው ምን ነበረበት? ግን ደግ ሰው ለጉሮሮም ያስባል። ጉሮሮው የደረቀ ሰው ቅቤ ይጠጣ የለ? "ድምፁ ይለስልስለት" ብላ በሰፊው አፉ በኩል አጠጣችው። እነዚያን በጣት የሚጫኑትን ሦስት ቁልፎችም እንዳይደርቁ ብላ በየቀዳዳቸው አንቆረቆረችባቸው። መምህር ሰሎሞን ለቁልፎቹ አንዲት ጠብታ ዘይት ነው የሚያደርግላቸው። ጠብታ ግን የድሃ ነው...

ማን ነገረሽ ይሉኛል? ልጁ ነዋ! በኋላ አጥራችን ሥር ቆሞ እያለቀሰ ለኢብቲሳም ነገራት። ውሸት የማያውቅ ልጅ ነው። እንግዲህ ልጅ ሁሉ እናቱን አይመስልም።

ቅቤው ከዚህ ሲወጡ ቀልጦ ነበር። በአይሱዙ ተጭነው ጎባ ሲደርሱ ግን... የጎባን ጠዋት ያውቁታል፤ ከንፈር ከከንፈር አይላቀቅም። ትራምፔቱ ውስጥ ቅቤው ረጋልዎት! ከላይ ደግሞ የመንገዱ አቧራ ተለጥፎበት፣ ከጭቃ የወጣ ድንች መሰለ። ኢብቲሳም የያዘችውን ሌላውን ግን ሳምንቱን ሙሉ በሻሿ ስትወለውለው ስለከረመች ፊት ያሳያል።

እናት ደግሞ ዓይን አላት። ፎቶ ሊነሣ ነው። የልጇን አየች፣ የሰውን ልጅ አየች። "ነይማ የኔ ቆንጆ" አለቻት ኢብቲሳምን። እኔ ከገመዱ ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ። "ለፎቶ ብቻ ነው፣ አንዴ ተለዋወጡ።" እንዴት ያለ አንጀት የሚበላ አንደበት አላት መሰለዎት፤ በዚያ አንደበት እኔንም ኩላሊትሽን ስጪኝ ብትለኝ የምሰጣት ይመስለኛል። ተለዋወጡ። ፎቶው ተነሣ። መልሰው ሊለዋወጡ ሲሉ መምህሩ ፊሽካውን ነፋ፤ የሚያብረቀርቀው ከፊት፣ ቅቤ የጠጣው ከኋላ እንደሆኑ ሰልፉ ተጀመረ።

እስቲ ያስቡት። መንፋት የምትችለው ልጅ የማይነፋውን ይዛለች። የሚነፋውን የያዘው ልጅ ደግሞ... ኮቱ እንዴት አምሮበት ነበር!

ከበሮው ዱም፣ ዱም፣ ዱም አለ። ከዚያ ፀጥ። ኢብቲሳም ትነፋለች፤ ፊቷ በርበሬ ሆኗል፤ የሚወጣው ግን "ፍስስ" ነው፣ ጎማ እንደተነፈሰ ባጃጅ። ቁልፉን ትጫናለች፣ አይነቃነቅም። ልጁ ከፊት ጉንጩን ወጥሮ ይጠብቃል። የክብር እንግዶቹ ብድግ ብለው ይጠብቃሉ። የገሰራ ፈረሰኞች ልጓም ስበው ይጠብቃሉ፤ "ትራምፔቱን ስትሰሙ ተነሡ" ተብለዋልና። ይኼኔ አንዱ ዳማ ፈረስ ትዕግሥቱ አለቀና... አሽካካ! ረዥም፣ ጥርት ያለ፣ መጨረሻው ላይ ንዝር የሚል። ሕዝቡም ልጁን እያየ አጨበጨበ! ትልቁ እንግዳ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያቺ እናት ደግሞ፣ እዚያው አጠገቤ ነበረች፣ "የኔ አንበሳ!" ብላ እልልታውን አቀለጠችው። ደጋግማ። ለፈረስ።

አልፈርድባትም። ፈረሱም እልልታ ይገባው ነበር፤ በዚያ ሜዳ ከተሰለፈው ሁሉ ሥራውን የሠራ እሱ ብቻ ነው።

ፈረሰኞቹም ምልክቱ ተሰጠ ብለው ለቀቁት። ልጆቹ ተበታተኑ፣ ትልቁ ከበሮ ተንከባልሎ እንግዶቹ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ያኔ ነው ሰው ነገሩ የገባው። ሳቁን ሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ያለ ሰው ሳይሰማው አይቀርም። ዲኖ ባለጋሪው ሳይቀር ቪዲዮውን በስልኩ ይዞታል። "ሲያሽካካ የኔም ፈረስ ይመልስለታል" እያለ መንገደኛ ያስቃል።

እንግዲህ ያን የሚያህል ውርደት ወርዶ ዝም አይባልም፤ ጥፋተኛ ያስፈልጋል። ማን ቀባው የሚል አልተገኘም። የተደፈነው ትራምፔት በማን እጅ ነበር ተባለ፤ በኢብቲሳም እጅ። "በቆሸሸ እጇ እየበላች ነክታ አበላሸችው" ተባለና ኮቷን አስረከበች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነበር የድሮው ተረት። ዘንድሮ ግን ዱላውን የያዘችው አይጧ ራሷ ናት... ኧረ ተረት ነው አዴ ሙሉካ! ስለ አይጥ ነው የማወራው። ሰብሳቢያችን ምነው ዞር አሉ? ነፋሱ ይሆናል።

ቆሻሻ እጅ አሉ... የልጄን እጅ የማጥበው እኔ ነኝ። ሌላውን ሁሉ እውጠው ነበር፣ ይህቺ ናት ጉሮሮዬ ላይ የቆመችው። የዚያን ዕለት ሸሚዟን ሳጥብ እጅጌው በቅቤ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ቆሟል። አሸተትኩት፤ ለጋ። እኛ ቤት ደግሞ ከዒድ ወዲህ ቅቤ በደጃፋችን አላለፈም። ታዲያ የኔ ልጅ የበላችው ቅቤ የማን ነው? መምህር ሰሎሞን ትራምፔቱን ፀሐይ ላይ ቢያሰጣው፣ ትራምፔቱ ቅቤ ማልቀስ ጀመረ። የዘበኛው ድመት ከሥሩ አልነሣም አለች። የሁሉም ሰው ዓይን አየ፣ የሁሉም ሰው አፍንጫ አሸተተ። አፉን የከፈተው ግን ድመቷ ብቻ ናት። እሷም ለመላስ።

ኢብቲሳም? አትናገርም። በኔ ወጥታለች። ማታ ማታ ሦስት ጣቷን ጉልበቷ ላይ ትጫናለች፣ ከንፈሯን ትሰበስባለች፤ ድምፅ የለውም። እኔም ከትምህርት ቤት የወጣሁ ሰሞን ዱቄት ላይ በጣቴ እየጻፍኩ አጠፋ ነበር። ስታደርገው እያየሁ ላያት አልችልም፤ ተነሥቼ እወጣለሁ።

ታዲያ ዛሬ ምን እላለሁ ብለው ነው? ምንም። ክስ አላውቅም። ያ ቅን ልጅ ያፍራል ብዬ እስካሁንም ችዬዋለሁ። ብቻ አስተያየት ያለው ከተባለ እጄን አወጣና አንዲት ነገር እለምናለሁ። ሁለቱም ትራምፔቶች ይኸው ተጠርገው ጠረጴዛው ላይ ናቸው። "ሁለቱም ልጆች ይምጡና እዚሁ፣ ወላጅ ሁሉ ባለበት፣ አንድ አንዴ ይንፉልን" እላለሁ። በቃ። ይህቺ ትከብዳለች? ጎባ ላይ ያን ያህል የተጨበጨበለት ልጅ ለእኛ ለጎረቤቶቹ አንዴ ቢነፋልን ምን ይጎዳዋል? ...ፈረሱ ነው እንግዲህ ያልተጠራው።

መጡ፣ ርእሰ መምህሩ መጡ። እንነሣ። ቀስ ይበሉ፣ ጉልበትዎ እንዳይያዝ... እሺ፣ ይቀመጡ።

አዩልኝ? ሰብሳቢያችን ስብሰባው ሳይከፈት ርእሰ መምህሩ ጆሮ ሥር ሄደው እያንሾካሾኩ ነው። ምን ይሆን? ጮክ ብዬ አወራሁ እንዴ? የኔ ድምፅ እንኳ ቀጭን ነው፤ ክፍሉ ገና ስላልሞላ ነው የሚያስተጋባው። ...መምህር ሰሎሞንን ጠሩት። ወደ በሩ እየሄደ ነው። አስገባት! ኢብቲሳምን አስገባት አዴ ሙሉካ። ኮቷን... ኮቷን እየሰጣት ነው። ያዙኝ እስቲ፣ አብዲ እንዳይወድቅብኝ። ቆይ፣ ሰብሳቢያችን ሊናገሩ ነው፤ እንስማቸው።

...

ሰሙ ልበል? "የልጅቷን ጥፋት ኮሚቴው በይቅርታ አልፎታል።" ይቅርታ! ምን ዓይነት ልብ ነው የሰጣቸው? ሰው በድሎ ይቅር ሲባል አይቻለሁ፤ ሳይበድል ይቅር የሚባል ግን የኔ ልጅ የመጀመሪያዋ ናት። እንዴት የታደለች ናት! "ወደ ቀድሞ ቦታዋ ትመለስ" አሉ ደግሞ። ወደ ከበሮው ጀርባ ማለታቸው ነው። ይሁን። ኮቷን ለብሳለች፣ ትራምፔቷን ይዛለች፣ እየሳቀች ነው... እዩዋት እስቲ፣ ጥርሷን ካየሁት ስንት ጊዜዬ! እኔ እጄን አላወጣም፣ አልጠይቅም። ነገሩ አለቀ።

ለእንዲህ ያለች ደግ ሴት ግን ምን ይከፈላል? ከምርቃት በቀር ምን አለኝ? ይኸው ወደ እኛ እየመጡ ነው። እጅዎን ይዘርጉ አዴ ሙሉካ፣ ደህና አድርገው አሚን ይበሉ። አላህ ሰብሳቢያችንን ጤና አይንሣቸው። አሚን። ቤታቸውን ይሙላው፣ ልጃቸውን ያሳድግላቸው። አሚን። ዕድሜያቸውንም ያርዝመው፣ ያርዝመው፣ እጅግ አድርጎ ያርዝመውና፣ የቂያማው ቀን ጥሩምባ ከመነፋቱ በፊት የልጃቸውን አንዴ ለመስማት ያብቃቸው።